ምን እንነጋገር ያለው ማን ነው?
በሁለት የሴቶች ማኅበር ጥናቶች ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ገጠር ሴቶች መብትና ኃይል የሚጽፉ ሊቃውንት ደጋግመው ከሚጠቅሷቸው ሥራዎች አንዱ፥ በቦሊቪያ በኢንኪሲቪ አውራጃ ከ1990 እስከ 1993 እ.ኤ.አ. የተካሔደው «ዋርሚ» የተባለው ነው። ዋርሚ በአይማራና በኬችዋ ቋንቋ ሴት ማለት ነው። ሴቭ ዘ ችልድረን የተባለው ድርጅት በ50 መንደሮች የሴቶችን ማኅበር እያቋቋመና ያሉትን እያጠናከረ፥ ሴቶቹ የወሊድን ችግር ራሳቸው መርምረው መፍትሔውን እንዲያቅዱ አደረገ። ሊወለድ ሲል ወይም በተወለደ ሰሞን የሚሞተው ሕፃን ከ1000 ልደት 117 የነበረው ወደ 44 ያህል ወረደ።

ውጤቱ ያስደስታል፤ ማስረጃው ግን ጉድለት አለበት። የፊተኛው ከኋለኛው ጋር ብቻ ስለ ተነጻጸረ፥ ሌላ ምክንያት ረድቶ እንደ ሆነ መለየት አይቻልም። ይህን የሞላው በኔፓል በማክዋንፑር አውራጃ ተደርጎ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ነው። ማኅበር የተቋቋመባቸው 12 የገጠር ቀበሌዎች ካልተቋቋመባቸው 12 ጋር ተነጻጸሩ። በተወለደ በ28 ቀን ውስጥ የሚሞተው ሕፃን ማኅበር ባለበት ከ1000 26፥ በሌለበት 37 ያህል ሆነ። ስብሰባውን የምትመራው ሐኪም ሳትሆን የአገሩ ሴት ነበረች። ከነፍሰ ጡሮቹ ስብሰባ የገቡት ከ100 37ቱ ብቻ ናቸውና፥ ነገሩ ከስብሰባው ወጥቶ በየቤቱ ሳይወራ አልቀረም።

ነገር ግን እነዚህ ቁጥሮች የሚመሰክሩት ስለ ሕፃናቱ ነው። ሚስት በባሏና በአማቷ ፊት ቃሏ ተሰምቶላት እንደ ሆነ አይናገሩም። ከዚህም በላይ የወሊድን ነገር አስቀድሞ የመረጠው ድርጅቱ እንጂ ሴቶቹ አልነበሩም። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት መምህሩ «ገባችሁ?» ሲለን ሁላችንም «አዎን» እንል ነበር። አፋችን ተከፈተ እንጂ ተናገርን ማለት አይቻልም።

የዋርሚ ሴቶች ግን ልጅ አራርቆ የመውለድን ጥያቄ ራሳቸው አነሡ፤ ሥራውም በዚህ ምክንያት ሰፋ። በኔ አስተያየት ስለ ሴቶች ኃይል የሚመሰክረው የሞቱ ቁጥር መውረድ ሳይሆን ይህ ነው፤ የሴቶቹ ቃል ያልታሰበውን ነገር በዕቅዱ ውስጥ አስገብቷልና።

እንግዲህ ለጥናት ወደ ገጠር የምንወጣ ተማሪዎች «ስንት ሴቶች ተሰበሰቡ?» ከማለታችን በፊት፥ «በቃላቸው ምን ተለወጠ?» ብለን እንጠይቅ።