ከፍ የተደረገ ፒካፕ የሚመዘነው ቁልቁለት ላይ ነው

ባለ ሲንግል ዲፈረንሻል ናፍጣ ፒካፕ ከጋራዥ ሲወጣ፣ ባሌስትራው ተነስቶ፣ አፍንጫው ቀና ብሎ ደብረ ብርሃን አስፋልት ላይ ባዶውን ቢቆም የማያምርበት ምክንያት የለም። የሥራው ጥራት የሚለየው ግን ከሸዋሮቢት ሽንኩርትና ማሾ ጭኖ ጣርማ በርን ሲወጣ፣ ወይም ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ሲወርድ ነው። ስለዚህ ጥሩ ሥራን መለየት የሚፈልግ ሰው ቁመቱን አይቶ አይወስን፤ ከሥር ገብቶ ይይ።

ባለሙያውን ገና ሥራው ሳይጀመር መመዘን ይቻላል። አብዛኛው ባለመኪና ከፍታ የሚፈልገው ዲፈረንሻሉ ድንጋይ እንዳይመታበት ነው። የኋላው አክስል ግን ወጥ ነው፤ ዲፈረንሻሉም መሃሉ ላይ ነው ያለው። ባሌስትራ ቢጨመር፣ ብረት ቢደረብ የሚነሳው ሻንሲው እንጂ ዲፈረንሻሉ አይደለም። እሱን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው፤ የጎማው ቁመት በ5 ሴንቲ ሜትር ቢጨምር ዲፈረንሻሉ በ2.5 ከፍ ይላል። ይህን አስቀድሞ የሚነግርዎ መካኒክ ካገኙ ይያዙት።

በብዙዎቹ የቀድሞ ሃይሉክስና ኢሱዙ ፒካፖች የፊቱን ክብደት የሚሸከመው ቶርሽን ባር ነው። የናፍጣ ሞተር ከባድ ስለሆነ ከዓመታት በኋላ አፍንጫው ዝቅ ይላል፤ ማስተካከያ ብሎኑን ማጥበቅ መልሶ ያነሳዋል። ርካሽና ፈጣን በመሆኑም ብዙ ጊዜ ከልክ ያልፋል። ብሎኑ ሲጠብቅ ቶርሽኑ አይጠነክርም፤ ጎማው ወደ ጉድጓድ ሲገባ የሚወርድበት ርቀት ነው የሚያጥረው። መኪናው ባዶውን ቆሞ ሳለ የላይኛው አርም ሻንሲው ላይ ያለውን ማቆሚያ ጎሚኒ ሊነካ ጥቂት ከቀረው ከልክ በላይ ተነስቷል። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ኳ ይላል፤ ቦል ጆይንቱና ሾክ አብሶርበሩም ቶሎ ያልቃሉ። ከፍታው ሲቀየር የጎማው አቋም ስለሚቀየር አላይመንት ያልተሠራለት ሥራ አላለቀም። ይህን ለመረዳት ከጥቂት ወራት በኋላ ጎሚስታውን መጠየቅ ነው፤ የጎማው አንድ ጠርዝ ተበልቶ ይጠብቀዋል።

ከኋላ በአክስሉና በባሌስትራው መካከል ብረት ከገባ አንድ ወጥ መሆን አለበት። ሁለት የተደራረበ፣ እንጨት የተሸጎጠበት ወይም ባሌስትራው ላይ በሳልዳቱራ የተያዘ ነገር ካዩ ክፍያ አይጨርሱ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላቸው ብሎኖችም አዲስና በቂ ርዝመት ያላቸው ይሁኑ፤ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተሄደም በኋላ እንደገና ይጠብቁ። በእሳት ተግሎ የተቀጠቀጠ ባሌስትራን አልመክርም። ብረቱ መልሶ በአግባቡ ካልጠነከረ የመጀመሪያው ከባድ ጭነት ወደነበረበት ይመልሰዋል።

ብዙ ጋራዥ የሚዘልለው፣ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማየው አንድ ነገር አለ። በብዙ ፒካፖች ከኋላ አክስል በላይ ሻንሲው ላይ የታሰረ የፍሬን ቫልቭ አለ፤ ከአክስሉ ጋር በቀጭን ዘንግ ተያይዟል። ጭነት ሲኖር ሻንሲው ዝቅ ይላል፣ ዘንጉ ቫልቩን ይገፋል፣ ለኋላ ጎማዎችም የበለጠ የፍሬን ግፊት ይለቀቃል። መኪናው ባዶ ሲሆን ደግሞ የኋላው እንዳይቆልፍ ግፊቱ ይቀነሳል። እንግዲህ ሻንሲው 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ዘንጉ እንደነበረ ከቀረ፣ ቫልቩ የተጫነውን መኪና ባዶ አድርጎ ይቆጥረዋል። የኋላው ፍሬን ይደክማል፤ ሸክሙ ሁሉ የፊቱ ላይ ይወድቃል። ሜዳ ላይ ሾፌሩ ልዩነቱን ላያውቀው ይችላል። ጣሊያን ከበሳው ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና በሚጠማዘዘው ቁልቁለት ግን የፊቱ ፍሬን ይግላል፣ ሽታው ይመጣል፣ ፍሬኑም እየሳሳ ይሄዳል። የዘንጉ ማሰሪያ በተነሳው ከፍታ ልክ መስተካከል አለበት። የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹም አክስሉ እስከ መጨረሻው ሲወርድ መወጠር የለባቸውም፤ መኪናውን ሻንሲው ላይ በክሪክ አስነስተው ይዩት።

ፋብሪካው አፍንጫውን ትንሽ ዝቅ አድርጎ የሠራው ኋላው ሲጫን እንዲስተካከል ብሎ ነው። ባዶውን ፍጹም ቀጥ ያለ ፒካፕ ሲጫን አፍንጫው ሰማይ ያያል፤ መሪው ይቀልላል፣ መብራቱም ጣርማ በር ጉም ውስጥ የተቃራኒ ሾፌርን ዓይን ይወጋል። ስለዚህ ባዶውን ሳለ ኋላው ጥቂት ከፍ ብሎ የቀረ ሥራ ከቀጥተኛው ይበልጣል፤ መብራቱም መኪናው ተጭኖ ይስተካከል።

ሲረከቡ ሜትር ይያዙ፤ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ግራና ቀኙን ለክተው ከሥራው በፊት ከያዙት ጋር ያስተያዩ። ከዚያ መኪናውን ጭነው ከመካኒኩ ጋር ቁልቁለት ይውረዱ። ያ የፍሬን ዘንግ ካልተነካ ግን ሌላው ሁሉ ያማረ ቢሆንም ሥራውን አይረከቡ።