ስለ ጎደሉ ጃሮች

የፍለጋ ሰርቨር የሆነውን ሶልርን ለብቻው አቁሞ በኤችቲቲፒ መጠየቅ ሲቻል፣ በጃቫ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገብቶ ሁለቱን በአንድ ፕሮሰስ ለማኖር የወደደ ባለሙያ አስቀድሞ ሊያስተውለው የሚገባው፣ ሶልር ጓዙን ሁሉ ይዞ የሚገባ መሆኑን ነው። ዮኒክ ሲሊ በ2004 እ.ኤ.አ. በሲኔት ኩባንያ የጀመረው ይህ ሥራ፣ ዳግ ከቲንግ ቀድሞ በደረሰው ሉሲን በተባለው የፍለጋ ላይብረሪ መሠረት ላይ የቆመ ነውና፣ የሉሲን ጃሮች፣ የእነርሱም ጥገኞች፣ የጥገኞቻቸውም ጥገኞች ካልተሟሉ አይነሣም። ሶልርጄ የተባለውን የደንበኛ ላይብረሪ ብቻ ጨምሮ ሥራው ተፈጸመ የሚል ብዙ ነው፤ ሰርቨሩን በውስጥ የሚያስነሣው ክላስ ግን የሚገኘው በሶልር ኮር ነው።

እርሱም ተጨምሮ፣ ኮምፓይል ሲደረግ ያለ አንዳች ቅሬታ ያለፈው ፕሮግራም፣ ሲነሣ «ኖ ክላስ ዴፍ ፋውንድ ኤረር» ብሎ ይወድቃል፤ የጎደለውም፣ በአራተኛው እትም ዘመን እንደ ነበረው፣ የሰርቭሌት ኤፒአይ ሆኖ ይገኛል። ኤችቲቲፒ በሌለበት ሰርቭሌት ምን ይሠራል ብሎ መደነቅ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የሰርቭሌት ኮንቴይነሩ ያቀርብለት የነበረውን ይህን ላይብረሪ የሶልር ክላሶች በስም ስለሚጠሩት፣ አምስቱ ልዑካን ካልተሟሉ ቅዳሴ እንደማይገባ ሁሉ፣ ድርሻው ምንም ቢያንስ መገኘቱ ግድ ነው።

የስሕተት መልእክቱን የመጀመሪያ መስመር ብቻ አንብቦ ከኢንተርኔት ጃር እየለቀመ ክላስፓዙ ላይ መከመር፣ በእኔ አስተያየት፣ ከጉድለቱ የከፋ ነው። ወደ መጨረሻው «ኮዝድ ባይ» መውረድ ይገባል። «ኖ ሳች ሜተድ ኤረር» ያለ እንደሆነ ጃሩ አልጎደለም፤ እትሙ ሌላ ነው። የግንባታ መሣሪያው ማቨን ሁለት እትሞች ሲጋጩበት አዲሱን ሳይሆን ለፕሮጀክቱ ሥር የሚቀርበውን ስለሚመርጥ፣ መፍትሔው «ዲፔንደንሲ ትሪ» በተባለው ትእዛዝ ዛፉን አስወጥቶ ማን ማንን እንዳመጣ መመርመር፣ የሉሲንንም እትም ሶልር ከሚጠይቀው ጋር ማስተካከል ነው።

ከሁሉ የረቀቀው ምሥጢር ግን ጃሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ትልቅ ጃር ሲጠቀለሉ የሚገለጠው ነው። ሉሲን ኢንዴክሱን የሚጽፍበትንና የሚያነብበትን ኮዴክ የሚያገኘው «ሜታ ኢንፍ» በሚባለው ፎልደር ሥር፣ «ሰርቪስስ» ውስጥ ካለ የስም መዝገብ ነው። ይህ ፋይል በልዩ ልዩ ጃሮች በአንድ ስም ስለሚገኝ፣ ሲጠቀለሉ አንዱ ሌላውን ይደመስሰዋል፤ ኮዴኩም በጃሩ ውስጥ በአካል እያለ፣ ስሙ ከመዝገብ ስለተፋቀ ሉሲን «የለም» ይላል። ጃሩን ከፍቶ ክላሱን በዓይኑ ያየ ሰው መልእክቱን ማመን ይቸግረዋል። መድኃኒቱ በማቨን ሼድ ላይ «ሰርቪስስ ሪሶርስ ትራንስፎርመር» የተባለውን መጨመር ነው፤ እርሱ መዝገቦቹን ሳይደመስስ ይቀጥላቸዋል።

ሶልርን እንዲህ በፕሮግራም ውስጥ ማኖር ለቴስትና ለአነስተኛ መሣሪያ ይበጃል፤ ብዙ ተጠቃሚ ለሚመላለስበት ቋሚ አገልግሎት ግን ሶልርን ለብቻው አቁሙት።