ሳይበራ የማይገዛ ፋኖስ

ዲዋሊ ሲቃረብ፣ ሙምባይ ውስጥ ማሂም በሚባለው ሠፈር ያለችው ካንዲል ጋሊ የምትባል መንገድ መተላለፊያ ታጣለች። ከግራ ከቀኝ፣ ከአናት በላይም ሳይቀር፣ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ሮዝና አረንጓዴ የወረቀት ፋኖሶች ይሰቀሉባታል። ሙምባይ ያለችበት የማሃራሽትራ ግዛት ሰዎች አካሽ ካንዲል ይሏቸዋል። ብዙውን ጊዜ በእኛ ጥቅምት ላይ የሚውለው የሂንዱዎች የብርሃን በዓል፣ ዲዋሊ፣ ሲደርስ ከደጃፋቸው ወይም ከበረንዳቸው ፊት ያንጠለጥሏቸዋል። ዱባይ ወይም ሙስካት የኖረ አንባቢ ከሕንዳውያን ጎረቤቶቹ በረንዳ ላይ አይቷቸው ይሆናል።

እዚያች መንገድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመ ገዢ ዓይኑ ይዋልላል። ሁሉም ያምራል። ሁሉም ባማረበት ገበያ ደግሞ ደካማ ሥራ ሳይነቃበት ይሸጣል። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት ሻጩን “እስኪ አብራልኝ” ይበሉት። አምፖል ከሌለው የስልክዎን መብራት ወደ ውስጥ ያስገቡ። ብርሃን ከውስጥ ሲመጣ ወረቀቱ የሸፈነው ሁሉ ይገለጣል። ሁለት ወረቀት የተደረበበት ጠርዝ ጠቆር ያለ መስመር ሆኖ ይወጣል። ጎበዝ ሠሪ ድርቡን በቀርከሃው ዘንግ ላይ ስለሚያሳርፈው የወረቀቱና የዘንጉ ጥላ አንድ ይሆናሉ፤ ያልተካነው ግን ድርቡን መሀል ላይ ይተወዋል። ሙጫ ጠብ ብሎ የደረቀበት ቦታ ደፍርሶ ይቀራል። ተቀዶ የተለጠፈም ካለ ቀን የማይታየው ያኔ ይታያል።

መብራቱ ብዙ ቢናገርም ዋናው ሥራ ያለው አጽሙ ላይ ነው። ቀርከሃው በቢላ ይሰነጠቃል፣ ለስላሳው የውስጥ ክፍል ተልጦ ይጣላል፣ ጭረቱ ጠበቅ ያለው የውጪው ክፍል ይቀራል። ሰነፍ ሠሪ ውስጡን ሳይልጥ ስለሚተወው ዘንጉ ወፍራም መስሎ ይታያል፤ ጥንካሬው ግን እንደ ውፍረቱ አይደለም። ዘንጉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዘው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያንሸራትቱ። ውፍረቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ቢላዋውን የያዘው እጅ የሠለጠነ ነው። አንጓ መሀል ላይ ከገባ ደግሞ ይጠንቀቁ፤ ቀርከሃ ሲጎብጥ አንጓው እንደ ሌላው አካል አይታዘዝም፣ ወይ ይሰበራል ወይ ጠርዙን ያጣምማል። ፑኔ ከተማ ውስጥ ቡሩድ አሊ የሚባለው ሠፈር የቀርከሃ ሠራተኞች መኖሪያ ነው። ቅርጫትና መሰላል ሲሠራ የኖረ እጅ የነካውን አጽም ዓይን ቶሎ ይለየዋል።

በጣም የታወቀው ባህላዊ ቅርጽ ርዝመታቸው እኩል ከሆነ ዘንጎች ይሠራል። አራት ማዕዘኖቹ በጥጋቸው ቆመው ጎን ለጎን ይያያዙና ክብ ይሠራሉ፤ በመካከላቸው ሦስት ማዕዘኖች ይፈጠራሉ፤ ላይና ታቹ ክፍት ይሆናል። ይህ ቅርጽ ስሕተትን አይምርም። አንዱ ዘንግ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢረዝም ትርፉ ወደሚቀጥለው ማዕዘን፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው እየተገፋ ይሄድና መጨረሻ የተያያዘው ቦታ ላይ ይከማቻል። እዚያ ሠሪው በግድ ስቦ ያገናኘዋል። እንግዲህ ካንዲሉን በአንድ ክር አንጠልጥለው ቀስ ብለው ያዙሩትና ያንን መዝጊያ ይፈልጉ፤ አንድ አራት ማዕዘን ብቻውን ጋደል ካለ አገኙት ማለት ነው። ዞሮ ሲያበቃ መዝጊያውን ያላገኙበት ካንዲል ካለ፣ እኔ ቀለሙን እንኳ ሳላይ እገዛዋለሁ። የላይና የታች አፉም አግድም መሆን አለበት። ግንበኛ በውኃ ልክ የሚያየውን እዚህ ዓይን ራሱ ያየዋል።

ጥልፍ የሚያውቅ ሰው ቀሚሱን ገልብጦ ጀርባውን እንደሚያይ ሁሉ፣ እርስዎም በክፍቱ አፍ ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ዘንጎቹ የሚገናኙበት ቦታ በክር መስቀለኛ ተጠምጥሞ፣ ቋጠሮው ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ትርፉ ክር ተቆርጦ ከሆነ ሠሪው ማንም ለማያየው ነገርም ተጨንቋል። ዛሬ ዛሬ ብዙዎች ክሩን ትተው በሚቀልጥ የፕላስቲክ ሙጫ ያጣብቃሉ። ፈጣን ነው፣ አልከራከርም። ሆኖም ይህ ሙጫ ሙቀት ሲያገኝ ይላላል፤ ካንዲል ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚውል ዕቃ ነው። በሁለት መዳፍ በቀስታ ጫን አድርገው ይልቀቁት። በክር የታሰረው ወደ ቅርጹ ይመለሳል።

ወረቀቱ ብዙውን ጊዜ ካይት የሚሠራበት ስስ ወረቀት ነው። ጥሩ ሥራ ላይ ተወጥሮ ይቀመጣል፤ በጥፍር መታ ሲያደርጉት ከበሮ ከበሮ የሚል ድምፅ ይሰጣል። ስስ ወረቀት ውኃ በጥቂቱ ተረጭቶበት ሲደርቅ ስለሚኮማተር፣ ሥራውን የሚያውቅ ሠሪ በዚህ ይጠቀማል። ውኃው ከበዛ ቀለሙ ይሮጣል፤ ወረቀቱ ከመጠን በላይ ተወጥሮ ከተለጠፈ ደግሞ ሲደርቅ ራሱን ይቀዳል። የወረቀቱ ጠርዝ ዘንጉ ላይ ቆሞ መቅረት የለበትም፤ ዞሮ ወደ ውስጥ መታጠፍ አለበት። ሙጫው በባህላዊው አሠራር ከዱቄትና ከውኃ የሚፈላ ነው። የዱቄት ሙጫ ጠረኑ ነፍሳትን ስለሚጠራ፣ መጽሐፍ ጠራዦች እንደሚያደርጉት ትንሽ ሰማያዊ የመዳብ ሰልፌት የሚጨምሩበት አሉ። ለአንድ በዓል ብቻ ለሚሰቀል ካንዲል ይህ ግድ አይደለም። ሣጥን ውስጥ ከርሞ በሚመጣው ዓመት እንዲወጣ ለሚፈልጉት ግን ሻጩን መጠየቅ አይከፋም። የዝናቡ ወራት የሚያበቃው በዓሉ ሊደርስ ሲል ስለሆነ የዘገየ ዝናብ ያጋጥማል፤ እዚህ ላይ የወረቀት አያያዝ ይፈተናል።

ስለ አምፖሉ ገዢዎች ብዙ አያስቡም፤ ይህ ጥፋት ነው። ድሮ የዘይት መብራት፣ በኋላም የሚግል አምፖል ስለነበር የላይኛው አፍ የሚከፈተው ሙቀቱ እንዲወጣ ነበር። ኤልኢዲ ከመጣ ወዲህ አንዳንዶች አፉን በወረቀት ይዘጉታል። እኔ አልወደውም፤ አምፖሉ ቢበላሽ ከላይ እጅ የሚገባበት የለም። አምፖሉ ከአጽሙ መሀል መዋል አለበት። ወደ ታች ከወረደ ግማሹ ካንዲል ይጨልማል፤ ወደ ጎን ካዘመመ አንዱ ገጽ ይጋያል። ቢጫ ብርሃን ቀይና ብርቱካናማ ወረቀትን ያደምቃል፤ ሰማያዊና ሐምራዊን ግን ያጠፋዋል። ሰማያዊ ካንዲል ከወደዱ ነጭ አምፖል ይግዙለት፤ ይህን የሚነግርዎ ሻጭ ካገኙ ደንበኛ ይሁኑት።

ከታች የሚንጠለጠለው የወረቀት ዘርፍ ዚርሚልያ ይባላል። ብዙ ሠሪ ሲደክመው በችኮላ የሚጨርሰው እሱን ነው። ቁርጡ ቀጥ ያለ፣ ስፋቱ እኩል፣ ክብደቱ ቀላል ይሁን። እፍ ይበሉበት። ለትንሽ ነፋስ የማይንቀሳቀስ ዘርፍ ምን ሊያደርግ ተሰቀለ?

በሕንድ ደቡብ ምዕራብ የባሕር ዳርቻ፣ ማንጋሎር ውስጥ፣ ጉዱ ዲፓ የሚባለው የካንዲል ዘመድ አለ፤ በኩድሮሊ ቤተ መቅደስ በየዓመቱ ውድድር ይደረግበታል። እዚያ ባህላዊው ለብቻ፣ ዘመናዊው ለብቻ ይዳኛል። በዘመናዊው ምድብ ጥራጥሬ እህል አንድ በአንድ የተለጠፈበት፣ ከክብሪት እንጨት የተገጣጠመ ፋኖስ ይቀርባል። ትዕግሥታቸው ያስደንቃል። ዳኛ ብሆን ግን ብዙዎቹን አልሸልምም። እህሉ ብርሃኑን ይጋርደዋል፤ ሲበራ የሚታየው በድካም የተሠራ ጨለማ ነው። ለሠሪው ድካም ሽልማት መስጠትና ለፋኖሱ ሽልማት መስጠት ሁለት ነገር ነው። ከባህላዊው ወገን አራትና አምስት ቀለም ብቻ ይዞ ጎዳናውን የሚያበራውን እመርጣለሁ።

ሌላው ፈተና ርቀት ነው። ቫራናሲ ውስጥ፣ በጋንጅስ ዳርቻ፣ ካርቲክ በሚባለው የሂንዱዎች ወር ሰዎች መብራት በቅርጫት አድርገው በረጅም የቀርከሃ ምሰሶ ጫፍ ላይ ይሰቅላሉ፤ ለሞቱ ዘመዶቻቸው መንገድ እንዲያበራ። የቤቱ ካንዲልም እንደዚያው ከሩቅ እንዲታይ የሚሰቀል ነው። መንገዱን ተሻግረው ዞረው ይመልከቱት። ቅርጹ ከዚያ ተለይቶ ከታየ ጥሩ ነው፤ አንድ የተድበሰበሰ የቀለም ክምር ከመሰለ ማስጌጫው በዝቷል። በወርቅማ ወረቀት የተጥለቀለቁት ብዙ ጊዜ እዚህ ይወድቃሉ።

የፋብሪካ ሥራዎቹን በዚህ ሚዛን አልመዝናቸውም። ማሃራሽትራ በ2018 እ.ኤ.አ. ቴርሞኮል የሚሉትን ነጭ ፎምና ብዙ የፕላስቲክ ዕቃዎችን ከከለከለች ወዲህ የካርቶን ታጣፊዎች በዝተዋል። ለጠባብ አፓርታማና ለቸኮለ ሰው ይበቃሉ። ልጅዎ ትምህርት ቤት የሠራው ጎባጣ ካንዲል ካለ ደግሞ ይህን ሁሉ ይርሱትና እሱን ይስቀሉ።

ገበያ ወጥተው በሁለት ካንዲሎች መካከል ከተቸገሩ፣ አንዱ ወረቀቱ የሚያምር ግን አጽሙ የጋደለ፣ ሌላው አጽሙ ቀጥ ያለ ግን ቀለሙ የደበዘዘ ቢሆን፣ ሁለተኛውን ይውሰዱ። ወረቀት በየዓመቱ ይቀየራል፤ አዲስ ወረቀትና አንድ ስኒ የዱቄት ሙጫ ይበቃዋል። የጋደለ አጽም ግን ፈትቶ እንደ አዲስ ከማሰር በቀር መድኃኒት የለውም።