ሞተር የተባለችው እንክብል

እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. ብሊክለና ቤኺንገር የተባሉ የሽቱትጋርት ተመራማሪዎች ስለ አንዲት ደቃቅ የሙቀት ሞተር ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ወሬ አቅራቢዎችም «የዓለም ትንሿ የእንፋሎት ሞተር» ሲሉ አስተዋወቋት። ሙከራው ያስደንቃል፤ ስሙ ግን ያሳስታል። እንፋሎት የሚባል ነገር የለባትም።

ወርዷ የሚሊ ሜትር 3 ሺኛ የሚያህል የፕላስቲክ እንክብል ውሃ ውስጥ ገብታ በሌዘር ብርሃን እንደ ወጥመድ ተይዛለች። የውሃው ሞለኪውሎች ያለ ዕረፍት ይገፈትሯታል። የወጥመዱ መጥበቅና መላላት እንደ ፒስተን ይቆጠራል። ውሃው በሌላ ሌዘር ሲሞቅ ወጥመዱ ይላላል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠብቃል፤ የስተርሊንግ ዑደት መሆኑ ነው። የሚገኘው ሥራ ከሞለኪውሎቹ ግፊያ ስለማይበልጥ ሞተሯ ትንገዳገዳለች፤ አንዳንዱ ዑደት ሥራ በመስጠት ፈንታ ይወስዳል። «ሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ፈረሰ» የሚል ችኩል ተማሪ ቢኖር፣ ሕጉ እዚህ የሚጸናው በብዙ ዑደቶች አማካይ እንደሆነ ይነገረው።

ለእኛ ለመምህራን ትልቁ ቁም ነገር ጊዜ ነው። ካርኖ በ1824 ያመለከተውን የብቃት ወሰን ሰሌዳ ላይ ጽፈን እናልፋለን። በ27 እና በ87 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ለምትሠራ ሞተር ወሰኑ ከመቶ 16.7 ነው። እዚያ ለመድረስ ዑደቱ ማለቂያ በሌለው ዝግታ መሄድ እንዳለበት፣ ያን ጊዜም በሴኮንድ የሚገኘው ሥራ ዜሮ እንደሚሆን ስንቶቻችን እንናገራለን? ኩርዞንና አልቦርን በ1975 ያወጡት ስሌት ለዚያችው ሞተር፣ አቅሟ ከፍተኛ በሚሆንበት ፍጥነት፣ ከመቶ 8.7 ብቻ ይሰጣታል። ሽሚድልና ዛይፈርት በ2008 እንዲህ ላለችው እንክብል ሒሳቡን ሲሠሩ ወደዚሁ የሚጠጋ ቁጥር አገኙ። የሚገርመው፣ የተሻለውን ውጤት ለማግኘት ወጥመዱ በዝግታ መለወጡ ብቻ አይበቃም፤ በዑደቱ መጋጠሚያዎች ላይ በድንገት መዝለል አለበት።

ነቀፌታዬ በአቆጣጠሩ ላይ ነው። በብቃቱ ስሌት የሚገባው እንክብሏ ከውሃው የወሰደችው ሙቀትና ለወጥመዱ የሰጠችው ሥራ ነው። ሌዘሮቹ የሚበሉት ኤሌክትሪክ አልተቆጠረም፤ ቢቆጠር ብቃቷ ከዜሮ አይለይም። ሥራዋም አንዳች ነገር አይጎትትም፤ ከእንቅስቃሴዋ በስሌት የሚነበብ ነው። ሕጉን ለመመርመር አቆጣጠሩ ትክክል ነው፤ ደቃቅ መኪና ነገ ያሽከረክራል ለሚል ግን ገና መንገድ አለው።

በክፍል ውስጥ የምታቀርቡት ከሆነ፣ የዓለም ትንሿ መሆኗን ትታችሁ ዑደቱ ሲፋጠን ሥራው እንዴት እንደሚቀንስ የሚያሳየውን ግራፍ ሰሌዳ ላይ ሣሉ። ከፍተኛው አቅም የት እንዳለ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይፈልጉት።