ኤሊዛና ትሬዶቿ፦ የሊንከን ስታይን መጽሐፍ ዛሬ ሲነበብ

ክላየንትና ሰርቨር እርስ በርስ ሲጠባበቁ ለምን ደርቀው እንደሚቀሩ እንደ ሊንከን ስታይን አጥርቶ ያስረዳኝ ጸሐፊ የለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው «ኔትወርክ ፕሮግራሚንግ ዊዝ ፐርል» መጽሐፋቸው የሚከተለው ዘዴ ግሩም ነው። እንደ ሥነ ልቦና ሐኪም እየጠየቀች የምታወያየውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ኤሊዛን አንዴ በፎርክ፣ አንዴ በትሬድ፣ አንዴ በሴሌክት ሰርቨር ያደርጓታል። ጨዋታው ያው ስለሆነ የአንባቢው ዓይን የሚያርፈው በአሠራሩ ልዩነት ላይ ነው።

የትሬዱ ምዕራፍ ግን ዛሬ ያሳስታል። የተጻፈው በፐርል 5.005 ሥርዓት ነው፤ በዚያ ዳታው ሁሉ የትሬዶቹ የጋራ ንብረት ነበር። ስለዚህ የሚፈራው ሁለት ትሬድ አንድ ቫሪያብል ላይ መረባረቡ ነው፤ መድኃኒቱም ሎክ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው 5.8 ነገሩን ገለበጠው። አዲስ ትሬድ ሲፈጠር የዳታውን ሁሉ ቅጂ ይወስዳል፤ የጋራ የሚሆነው «ሼርድ» የተባለው ብቻ ነው። የድሮው ሥርዓት በ5.10 ተወገደ።

ይህን የተማርኩት ተጎድቼ ነው። በሰርቨሬ ላይ የተገናኙ ክላየንቶችን የሚቆጥር ቫሪያብል ነበረኝ፤ ዋናው ትሬድ ሁልጊዜ ዜሮ ያነባል። መጽሐፉን አምኜ ሁለት ሌሊት ግጭት ፈለግሁ። ግጭት አልነበረም፤ እያንዳንዱ ትሬድ የየራሱን ቅጂ ይቆጥር ነበር። የገለጠልኝ በእያንዳንዱ የሎግ መስመር ላይ የትሬዱን ቁጥርና የቫሪያብሉን ዋጋ ማተሜ ነው። ከዚያ ደግሞ ሌላ ወጥመድ፦ ዳታ የያዘን ሀሽ ዘግይተው «ሼር» ሲያደርጉት ውስጡ ባዶ ይሆናል። ፐርል አንዳች አይናገርም።

በእኔ ግምት የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት ማርጀቱ አይደለም፤ ማንኛውም የቴክኒክ መጽሐፍ ያረጃል። ለስሕተት ፍለጋ የሰጠው ቦታ መጥበቡ ነው። ፕሮግራሞቹ ተስተካክለው፣ ጸድተው ይቀርባሉ። የትሬድ ስሕተት ደግሞ አንዳንዴ አንዲት የህትመት መስመር ስትጨመርበት የሚሰወር፣ ስትነሳ የሚመለስ ነው፤ ጀማሪው ደራሲው ሲሳሳቱና ሲያድኑት ማየት ነበረበት።

የፎርክና የሴሌክት ምዕራፎቹን ግን ዛሬም ሳላመነታ ለተማሪ እሰጣለሁ። የትሬዱን ምዕራፍ የሚከፍት ሰው የፐርልን የራሱን የትሬድ መመሪያ ከጎኑ ያስቀምጥ፤ ዲባገሩንም ትሬድ እንዳለ በሚያሳውቀው «-dt» አማራጭ ያስነሳው።