የሚያይ ዓይን

የገንዳ ዓሣ ሕክምና የሚደነቀው ከመድኃኒቱ በፊት ላለው ትኩረት ነው። ዓሣ አያቃስትም፤ ክንፉን ሰብስቦ ከጠጠር ጋር ይታከካል፣ ገላው ላይ የጨው ቅንጣት የመሰለ ነጭ ነጥብ ይወጣበታል። «ሌላ መግዛት አይቀልም?» የሚል አይጠፋም። አይቀልም፤ ነጥቡን የሚያመጣው ተሕዋሲ እዚያው ገንዳ ውስጥ ስለሚራባ አዲሱም ይታመማል። ከቆዳ ሥር ሳለ መድኃኒት አይደርስበትም፤ የሚጠቃው ከዓሣው ወርዶ ከተራባ በኋላ፣ ልጆቹ ሌላ ገላ ፍለጋ ሲዋኙ ነው። በ25 ዲግሪ ውኃ ዑደቱ በሳምንት ገደማ ያልቃል፤ እንደ ደብረ ወርቅ ባለ ደጋ ግን ያልሞቀ ውኃ ሳምንታት ያስቆጥረዋል። እናም ነጥቡ ጠፋ ብሎ ሕክምናውን ማቋረጥ በሽታውን ማሳደር ነው። ደግነቱ፣ ለከብቱ ጨው በሚያልስ አገር መድኃኒቱ ቤት አይጠፋም፤ ለ1 ሊትር ውኃ 2 ግራም ያህል ጨው፣ ቀስ እየተባለ ሲጨመር፣ ብዙዎቹ ዓሦች ይችሉታል።