የተረኛው ቤት ዳቦ፦ የእንግሊዝ የገጠር ቁምስናና የቁርባን ሕይወቱ

በ1549 እ.ኤ.አ. የበጋ ወራት ከደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ከዴቨንና ከኮርንዎል የተነሡ ገበሬዎች ኤክሰተር ከተማን ከበው ለንጉሡ መንግሥት የጥያቄ ዝርዝር ላኩ። ቅዱስ ቁርባኑ እንደ ቀድሞው ከዋናው መንበር በላይ ተሰቅሎ ይሰገድለት፤ በዚህ ያልተስማማ እንደ መናፍቅ ይሙት አሉ። ምእመናን የሚቆርቡት ግን በፋሲካ ብቻ፣ ያውም ከኅብስቱ ብቻ ይሁን አሉ። ወረድ ብለውም በየሰንበቱ የተባረከ ዳቦና የተባረከ ውኃ እንዲመለስላቸው ጠየቁ።

የፕሮቴስታንት ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ዝርዝር ለረጅም ዘመን የድንቁርና ማስረጃ አድርገው አንብበውታል። ለቁርባን እስከ ሞት የሚዋጋ፣ መቁረብን ግን የማይፈልግ ሕዝብ! የካቶሊክ ጸሐፊዎች በበኩላቸው የመጀመሪያውን ጥያቄ ያደንቃሉ፣ ሁለተኛውን አንገታቸውን ደፍተው ያልፉታል። ሦስተኛው፣ የዳቦው ጉዳይ፣ ከሁለቱም ወገን እንደ ተራ የገጠር ልማድ ታይቶ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ሆኖም ሦስተኛው በቅጡ ካልተነበበ የፊተኞቹ ሁለቱ ትርጉም አይሰጡም።

የታወቀውን ታሪክ እዚህ መድገም አያስፈልግም። አራተኛው የላቴራን ጉባኤ በ1215 እያንዳንዱ ምእመን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በፋሲካ ሰሞን፣ ተናዝዞ እንዲቆርብ አዘዘ፤ ትንሹ ግዴታ በአብዛኛው ሰው ዘንድ ትልቁም ሆኖ ቀረ። የሊዬዧ ዩልያና የወተወተችለት የክርስቶስ ሥጋ በዓል በ1264 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባኖስ አራተኛ ታወጀ፤ በእንግሊዝ ከተሞችም የሙያ ማኅበራት የሚሰለፉበት ታላቅ ትዕይንት ሆነ። የታሪክ ሊቋ ሚሪ ሩቢን በ1991 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን በዓል አብጠርጥራዋለች፤ ከእርሷ ወዲህ የመጡትም ብዙዎቹ ዓይናቸውን ሰልፉ ላይ ተክለዋል። ሰልፉ ግን በዓመት አንድ ቀን ነው፤ በይበልጥም የከተማ ነው። የገጠሩ ሰው በቀሩት ሰንበቶች ከቁርባን ጋር የነበረውን ግንኙነት አይነግረንም።

በቀሩት ሰንበቶች ሰውየው ያይ ነበር። ከሁሉ በላይ የተወደሰው የዘመኑ ሥርዓት የኅብስቱ ከፍ መደረግ ነው፤ እንደሚገመተው ግን ጥንታዊ አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ የወጣ የፓሪስ ሀገረ ስብከት ደንብ ካህናት የጌታን ቃል ሳይፈጽሙ ኅብስቱን ከደረታቸው በላይ እንዳያነሡ፣ ከፈጸሙ በኋላ ግን ሁሉም እንዲያየው ከፍ እንዲያደርጉት ያዝዛል። ዓላማው ጥንቃቄ ነበር፤ ሕዝቡ ገና ላልተለወጠ ዳቦ እንዳይሰግድ። ከዚህች የጥንቃቄ ደንብ የመካከለኛው ዘመን እጅግ የረቀቀ የማሳየት ጥበብ ተወለደ።

ጥበቡ በዝርዝር ሊታይ ይገባዋል። ካህኑ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ፣ በላቲን፣ በለሆሳስ ስለሚጸልይ ሕዝቡ ሰዓቱን የሚያውቀው በደወል ነው። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳሳት ፔካም በ1281 ደወሉ በዚያች ቅጽበት እንዲመታ፣ በእርሻም በቤትም ያለ ሰው ባለበት እንዲንበረከክ አዘዘ። ትልልቅ ሻማዎች ይለኮሳሉ። በአንዳንድ ቦታ ነጩ ኅብስት ጎልቶ እንዲታይ ከመንበሩ ጀርባ ጥቁር መጋረጃ ይሳባል። በምሥራቅ እንግሊዝ በመቅደሱና በሕዝቡ መካከል ያሉ የእንጨት መከለያዎች አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ቀዳዳ አላቸው፤ የተንበረከከ ሰው ዓይን በሚደርስበት ቁመት የተበሱ። ብዙ የጎን መንበር ባለባቸው አብያተ ክርስቲያናት አንዱን አይቶ ወደ ሌላው የሚሮጥ አይጠፋም ነበር፤ ኋላ ሊቀ ጳጳሳት ክራንመር በዚህ ሩጫ ተሳልቆበታል። ያን ዕለት ኅብስቱን ያየ ዓይኑ አይጠፋም፣ ድንገተኛ ሞትም አይደርስበትም የሚለው እምነት በስብከት ጭምር ይነገር ነበር።

ብርሃኑ፣ ጨለማው፣ ድምፁ፣ ዝምታው ሁሉ ወደ አንድ ነጭ ክብ ይሰበሰባል፤ ይህን የፈጠሩ ሰዎች ሥራቸውን ያውቁ ነበር። ሆኖም ጥበቡ ከሚገባው በላይ ተወድሷል። ለማየት ንስሐ አያስፈልግም፤ ከጎረቤት ጋር መታረቅም አያስፈልግም። በእንጨቱ ቀዳዳ አጮልቆ የሚያይ ገበሬ አጠገቡ የተንበረከከው ሰው ወዳጁ ይሁን ባላጋራው ለውጥ የለውም። ሥርዓቱ መላውን ቁምስና በአንድ ቅጽበት ያንበረክካል፤ እያንዳንዱን ግን ለየብቻው ነው የሚያንበረክከው። የዘመናችን የስግደት ሰዓቶችና ጉባኤዎች ከዚህ ጥበብ የወረሱት ውበቱንም ጉድለቱንም ነው።

ጎረቤት የግድ የሚያስፈልግባቸው ሥርዓቶች ሌሎች ነበሩ። አንዱ የሰላም ሰሌዳ ነው፤ ካህኑ ከሳመው በኋላ ሕዝቡ ተራ በተራ የሚስመው፣ ሥዕል ያለበት ትንሽ የእንጨት ወይም የብረት ሰሌዳ። የታሪክ ሊቁ ጆን ቦሲ በ1983 ባወጣው ጽሑፉ ይህ ሰሌዳ ለምእመናን የመቁረብን ቦታ ተክቶ ነበር ሲል ተከራክሯል። ክርክሩ ብርቱ ነው፤ ግን ሰሌዳው የሚዞረው በማዕረግ ነበር። ባለቅኔው ቾሰር በካህኑ ትረካ ሰላሙን ከጎረቤቱ ቀድሞ ለመሳም መፈለግን ከትዕቢት ኃጢአቶች መካከል ይቆጥረዋል። በ1522 በኤሴክስ አንድ ምእመን ሰሌዳው ከእርሱ በፊት ለሌላ በመሰጠቱ ተናድዶ ባመጣው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ራስ ላይ ሰብሮታል፤ ደሙም ፈሷል።

ሁለተኛው ዳቦው ነው። በየሰንበቱ አንድ ቤት በተራው ሙሉ ዳቦ፣ ከሻማ ጋር፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ያመጣል። ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ ይባርከዋል፤ ጸሎቱ ጌታ በምድረ በዳ የባረካቸውን አምስት እንጀራ ያስታውሳል፣ የሚቀምሱትም የሥጋና የነፍስ ጤና እንዲያገኙ ይለምናል። ከዚያ ተቆራርጦ በቅርጫት ለሁሉም ይታደላል። ቁርባን አይደለም፤ ማንም ቁርባን ነው ብሎ አልተሳሳተም። ካህናቱም ሲያስተምሩ በጥንት ዘመን ምእመናን ሁሉ በየጊዜው ይቆርቡ ስለነበር የዚያ ምትክና መታሰቢያ ነው ይሉ ነበር። ሰው በሰንበት ከምግብ ሁሉ አስቀድሞ ይቀምሰዋል፤ ለታመመም ወደ ቤት ይወስድለታል። በሰንበቱ የምልጃ ጸሎት ደግሞ የዕለቱን ዳቦ የሰጠው ቤት፣ ልማዱን መጀመሪያ ያቆሙትና ረጅም ዘመን የጠበቁት ሰዎች ሁሉ ይታሰባሉ።

ተራው ሀብታምና ድኻ አይለይም ማለት የዋህነት ይሆናል። የመቁረሱ ቅደም ተከተልም ሆነ የቁራሹ ትልቅነት ጠብ ያስነሣ ነበር። ነገር ግን ከሰሌዳው የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ሰሌዳው ከመንበሩ ወደ ሕዝቡ ይወርዳል፤ ዳቦው ከሕዝቡ ምድጃ ወጥቶ ወደ መንበሩ ይሄዳል፣ ከዚያ ይመለሳል። በፋሲካ ለመቁረብ የሚያስፈልገው እርቅ በአንድ ሳምንት አይሠራም። ባላጋራው ከጋገረው ዳቦ ዓመቱን ሙሉ ሲቆርስ የከረመ ሰው በጸሎተ ሐሙስ ወደ እርቁ ሲመጣ ከባዶ አይጀምርም። ገበሬዎቹ የዓመት አንድ ጊዜ ቁርባንና የየሰንበት ዳቦ አብረው ሲጠይቁ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ አንዱ ለሌላው መሰናዶ ነበርና።

ይህን ከማንም በላይ የተረዳው፣ የሚያስገርመው፣ ክራንመር ነው። ከ1549ኙ የጸሎት መጽሐፉ ደንቦች አንዱ ይህን ያዝዛል፦ ቤተሰቦች ቀድሞ ዳቦውን ያመጡ በነበረበት ተራ አሁን የዳቦውን ዋጋ በገንዘብ ይስጡ፤ ገንዘቡ ለቁርባኑ ኅብስትና ወይን ይውላል፤ ተራ ከደረሰው ቤትም ቢያንስ አንድ ሰው ያን ዕለት ከካህኑ ጋር ይቁረብ። በተሐድሶው ሰነዶች ሁሉ ከዚህ የበለጠ ብልህ አንቀጽ ማግኘት ይከብዳል፤ ከዚህ የበለጠ ግዑዝም እንዲሁ። ክራንመር የተራውን ጉልበት አይቷል፤ ተራው የቆመበትን ዳቦ ግን በሳንቲም ለወጠው። ከምድጃ የሚወጣው ነገር ከከረጢት የሚወጣ ሆነ። በ1552 የመጣው ሁለተኛው መጽሐፍ ደግሞ ተራውንም አስቀርቶ ወጪውን በጠቅላላ በቁምስናው ላይ ጣለ።

የ1549ኙ መጽሐፍ ሥራ ላይ በዋለ ማግስት፣ ሰኔ 10 ቀን፣ የሳምፕፎርድ ኮርትኒ መንደር ሰዎች ካህናቸውን አስገድደው አሮጌውን ቅዳሴ አስቀደሱት፤ ዐመፁም ከዚያ ተነሣ። ነሐሴ ላይ ኤክሰተር ከከበባው ስትላቀቅ ከከተማዋ ቅጥር ውጭ የነበረ አንድ የቁምስና ካህን በልብሰ ተክህኖው በገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ላይ ተሰቀለ። የተባረከው ውኃ ባልዲና መርጫ፣ መቁጠሪያውና በቅዳሴ የሚቃጨለው ትንሽ ደወል አብረው በላዩ ተንጠለጠሉ። የሰቀሉት ሰዎች የማየቱን ዘመን ምልክቶች በሚገባ መርጠዋል። ዳቦ ግን አልሰቀሉም።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ሁሉ ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ሕፃናትና አረጋውያን ሲቆርቡ ጎልማሳው በፍርሃት ርቆ መቆሙ የታወቀ ነው፤ ይህንም እንደ መንፈሳዊ ረሃብ ብቻ የሚያዩ አሉ። ግን ያው ጎልማሳ በወር አንድ ቀን በጽዋ ማኅበር ይሰበሰባል፤ ካህን ጸሎት አድርሶ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይተላለፋል፣ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ የተጣላ ካለ ያስታርቃል። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ማኅበሩ በፈቃድ የሚገቡበት የቤት ጉባኤ ሲሆን የእንግሊዙ ዳቦ የቁምስናው ሁሉ ግዴታ ነበር። ቢሆንም ከቁርባን የራቀ ሰው ከቁርባኑ ማኅበር ርቋል ማለት እንዳልሆነ ማንም የማኅበር አባል ያለ አስረጂ ይገባዋል።

በፈረንሳይ ገጠሮች የተባረከው ዳቦ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ቆይቷል። ሠዓሊው ዳኛን ቡቭሬ በ1885 የሣለው፣ ሴቶች በወንበራቸው ተቀምጠው ዳቦውን ሲቀበሉ የሚያሳየው ሥዕል ዛሬ በፓሪስ ኦርሴ ቤተ መዘክር ይገኛል። ደራሲው ፕሩስት በ1913 ባሳተመው ልቦለዱ በኮምብሬ ያለው ቤተሰብ ማዕድ ላይ ጣፋጭ ዳቦ የሚቀርበው የመስጠት ተራው የእርሱ ስለነበር ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ ዐሥረኛ በታኅሣሥ 1905 ምእመናን አዘውትረው፣ ቢቻል በየዕለቱ እንዲቆርቡ የፈቀደበት ውሳኔ፣ በ1910 ደግሞ ሕፃናት ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው እንዲቆርቡ ያዘዘበት፣ ከማንኛውም ሰልፍ የበለጠ የቁምስናን ሕይወት ለውጠዋል፤ ምስጋናቸውም ተገቢ ነው። ሰው አዘውትሮ ሲቆርብ ግን ምትኩ ዳቦ ትርፍ መሰለ፤ ከዳቦው ጋር ተራውም ሄደ። የሥርዓተ አምልኮ ሊቃውንት ይህን ኪሳራ ከቁብ አለመቁጠራቸው ይቅር የሚባል አይደለም። በ2019 የፒው የምርምር ማዕከል ከአሜሪካ ካቶሊኮች አንድ ሦስተኛው ብቻ ኅብስቱና ወይኑ በእውነት እንደሚለወጡ ያምናሉ ሲል የሀገሪቱ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ደነገጠች፤ መልሱም ሐምሌ 2024 በኢንዲያናፖሊስ ስታዲየም ከ50 ሺህ የሚበልጥ ሰው የታደመበት ጉባኤ ሆነ። ብርሃኑ ደብዝዞ ቁርባኑ መካከል ላይ ሲቀመጥ ሕዝቡ ተንበረከከ። ያ የ13ኛው መቶ ዓመት ጥበብ በስታዲየም ልክ ሲታይ አሁንም ያስደምማል፤ የመጣውን ሰው ከጎረቤቱ ጋር ስላለው ነገር አለመጠየቁም አልተለወጠም።

የዳቦው ታሪክ ለምን ችላ ተባለ የሚለው ጥያቄ የማስረጃ ጥያቄም ነው። የታሪክ ሊቁ ኤመን ደፊ በ1992 በጻፈው ታላቅ መጽሐፍ የዚህን ዘመን አምልኮ ከንቀት አድኖታል፤ ለዳቦውም ጥሩ ገጾች ሰጥቶታል፣ ልቡ ግን ከፍ ከሚለው ኅብስት ጋር ነው። በ2001 ባወጣው ሁለተኛ መጽሐፉ ደግሞ በኤክስሙር ጫፍ ያለችውን፣ ከሠላሳ በጥቂቱ የሚበልጡ ቤተሰቦች ብቻ የነበሩባትን የሞርባዝን ቁምስና በካህኗ በክሪስቶፈር ትሪኪ የሒሳብ መዝገብ በኩል ሕያው አደረጋት። ትሪኪ ከ1520 እስከ 1574 በአራት ነገሥታት ሥር አገልግሏል። ለቅዱሳኑ የተለዩት በጎች በየምእመኑ ቤት ተከፋፍለው ሲረቡ፣ የወጣት ወንዶችና የልጃገረዶች ማኅበራት ገንዘብ ሲያዋጡ፣ በ1549ም ቁምስናዋ አምስት ወጣቶች አስታጥቃ ወደ ዐመፀኞቹ ሰፈር ስትልክ በመዝገቡ ይታያል።

ከቤት በዓይነት የሚመጣ ነገር ግን ወጪ ስላልሆነ የሒሳብ መዝገብ አይይዘውም። መዝገብ የሚያነብ ታሪክ ጸሐፊም ሻማውን፣ ደወሉን፣ መጋረጃውን ያገኛል፤ የተገዙ ናቸውና። ዳቦው በእንግሊዝ ቁምስናዎች መዝገብ ላይ በየጊዜው መታየት የሚጀምረው ከተሐድሶው በኋላ ነው፤ ለቁርባን ዳቦና ወይን ይህን ያህል ተከፈለ ተብሎ፣ ገዢውም የቤተ ክርስቲያኑ ሒሳብ ያዥ ሆኖ።